ቀሚሱ ነው የረዘመው

የእናቴ ጥልፍ ቀሚስ ባለፈው ፋሲካ መሬት ሲጠርግ አየሁት። ለታላቅ ወንድሜ ሠርግ ያሰፋችው ነው፤ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር የሚያርፈው። አሁን ተረከዟን አልፎ አቧራ ይጎትታል።

«እማዬ፣ አጠርሽ እንዴ?» አልኳት።

«ምን ያሳጥረኛል? ታጥቦ ታጥቦ ቀሚሱ ነው የረዘመው።»

ሳቅን። ዶሮው ቀረበ፤ ወሬው በዚያው ተረሳ።

እኔ እዚሁ ጎንደር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ አጥንት በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ፈተናም አወጣለሁ። ይህን የማነሳው ጉራ ልነዛባችሁ እንዳልሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

ሐምሌ 7 የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳትሳለም የቀረችበትን ዓመት አላስታውስም። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ማልዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ከሰፈር ሳትርቅ እርጥብ ኮብልስቶን አንሸራተታት። ግራ እጇን ዘርግታ መሬቱን ተቀበለችው። ይኸው ነው። ከፎቅ አልወደቀችም፣ ባጃጅ አልገጫትም። ከቆመችበት ነው የወደቀችው።

ጎረቤት ደጋግፎ ቤት አመጣት። እጇ ከአንጓው ከፍ ብሎ ጎብጧል፣ አብጧል። ቤቱ ወዲያው በሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ወጌሻ ይጠራ» አለ፣ ግማሹ «ሐኪም ቤት»። እናቴ ከወጌሻው ወገን ነበረች። «ጀሶ ምን ያውቃል? ወጌሻ በጣቱ ያየዋል» አለች።

እውነቷን ነው፤ በጣታቸው ያዩ ነበር። ወንድሜ ልጅ ሆኖ ከጎረቤት ዘይቱን ዛፍ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ያውቃል። አንድ ሽማግሌ ወጌሻ መጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዱን በቅቤ ዳበሱት፣ ሳብ አድርገው አስተካከሉት፣ በስንጥቅ ቀርከሃና በጨርቅ አሰሩት። በወሩ ኳስ ሲጫወት ነበር። የዚህን ግማሽ ምስጋና ግን ለወጌሻው፣ ግማሹን ለልጅነቱ ነው የምሰጠው። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ ቅርንጫፍ ነው። ሙሉ በሙሉ ቀጭ ከማለት ይልቅ በአንድ በኩል ሰንጠቅ ብሎ የሚታጠፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቶሎም ይገጥማል። ቀርከሃው ጠብቆ ከታሰረ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይመጣል። የተሰበረ እጅ ያብጣል፤ እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ የደም ሥሩን ያንቃል። ጣት ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል። በአገራችን በዚህ ሰበብ እጅና እግራቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ወጌሻን አልሳደብም፤ ጠበቅ አድርጎ ማሰርን ግን እፈራለሁ።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ «ውልቃት ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። ራጅ የለ፣ ምን የለ። ሌሊቱን ስታቃስት አደረች። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድናት።

ራጅ ተነሳች። ምስሉ ላይ ከአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፉ ተሰብሮ ወደ ኋላ ተጣጥፏል። ቀለበት ጣቷ ላይ ደግሞ የጋብቻ ቀለበቷ ነጭ ሆኖ ያበራል። ነርሷ «ይሄ ቀለበት እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል?» ብላ ተቆጣችን። ባበጠ እጅ ላይ ቀለበት መተው ሞኝነት ነው። በሳሙና አሽታ አሽታ አወጣችው። እኔ ግን ዓይኔ ምስሉ ላይ ቀረ። ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን ባገኘ ከወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1895 እ.ኤ.አ.፣ ያነሳው ታዋቂ ምስል የሚስቱ እጅ ነው። እዚያም ላይ ቀለበት አለ። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አሳይቻቸዋለሁ። የራስ እናት እጅ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስልሳ ምናምን።»

66 ነው። እሱ ግን ምናምኑን አልጠየቀም። ወደ እኔ ዞረና «ከቆሙበት ወድቀው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲህ ጤነኛ አጥንት ከቆመበት ወድቆ መሰበር የለበትም» አለ። ይሄ ስብራት ገና ራጅ ባልነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1814፣ አብርሃም ኮልስ በሚባል የአየርላንድ ቀዶ ሐኪም ተጽፎ ይታወቃል። ዛሬም ስሙ ኮልስ ነው። የሴቶች አጥንት መሳሳቱን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው ይኸው አንጓ ነው። ከዓመታት በኋላ ዳሌ ይከተላል። አከርካሪ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ይቀጠቀጣል። «ቁመታቸው ቀንሷል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቀሚሱ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልነግራችሁም።

አጥንትን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በጭቃ ቤት ነው። ጎንደር ውስጥ ጭቃ ሲቦካ ያላየ ልጅ የለም። ጭቃ ብቻውን ቢለጠፍ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ጭድ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ጭድና ጭቃው ተረጋግጠው ሲቦኩ ነው ምርጊቱ የሚይዘው። የአጥንት ጭዱ ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ነው። ጭቃው ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ማዕድን ነው። በክብደት ካየነው ከአጥንት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይኸው ማዕድን ነው። ጥንካሬውን ማዕድኑ ይሰጠዋል፤ ሳይሰበር እጥፍ ዘርጋ ማለቱን ክሩ።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ከበዓል ማግስት የዶሮ እግር አጥንት አጥቦ አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፍ። አቼቶውን እየቀየረ ሳምንት ይታገሥ። አሲዱ ማዕድኑን ይበላዋል፤ የሚቀረው ክሩ ብቻ ነው። አጥንቱ እንደ ላስቲክ ይታጠፋል። ተማሪዎቼ እንደ ገመድ ሊቋጥሩት ሲታገሉ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሌላውን አጥንት ደግሞ ከሰል ላይ አቃጥሉት። ክሩ ይቃጠላል፣ ማዕድኑ ይቀራል፤ ቅርጹ እንዳለ ነው፣ ግን በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል።

ውስጡን ስትከፍቱት ሁለት ዓይነት ነው። ውጪው ድፍን ነው፣ እንደ ግንብ። ውስጡ፣ በተለይ ጫፍ ጫፉ ላይ፣ የእንጀራ ዓይን ይመስላል። ቀጫጭን ምሰሶዎች እርስ በርስ ተያይዘው፣ ሸክሙ በሚመጣበት አቅጣጫ ተሰድረው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ቀይ መቅኔ አለ፤ በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋስ የሚያመርት። ዕድሜ ሲገፋ ምሰሶዎቹ ይቀጥናሉ፣ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ። የእንጀራው ዓይን እየሰፋ ይሄዳል። የእጅ አንጓና የአከርካሪ አጥንት በዚህ ዓይናማ ክፍል የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። አንዱ ሲወድቁ ይሰበራል። ሌላው ቀስ ብሎ ይጨፈለቃል፣ ሰውየው ያጥራል፣ ይጎብጣል፣ ቀሚስ ይረዝማል።

ሰው አጥንትን እንደ ደረቅ እንጨት ነው የሚያየው። አንዴ አድጎ የቆመ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ያለ። እንዲያውም ሥራ የማይፈታ ነገር ቢኖር አጥንት ነው። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሕዋሳት አሮጌውን ያፈርሳሉ፤ እኔ ክፍል ውስጥ «አፍራሽ ግብረ ኃይል» ነው የምላቸው። ኦስቲዮብላስቶች ግንበኞች ናቸው፤ ተከትለው ይሠራሉ። ከግንበኞቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው በሠሩት ግንብ ውስጥ ተዘግተው ይቀራሉ። እነዚህ ኦስቲዮሳይት ይባላሉ። ተቀብረው ግን አልሞቱም፤ ሸክሙን እየመዘኑ ለውጪዎቹ «እዚህ ጨምሩ፣ እዚያ ቀንሱ» ይላሉ። ማፍረሱ የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ መገንባቱ ወራት ይፈጃል። ቤት የሠራ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በዓመት ከአዋቂ ሰው አጥንት 10 በመቶ ያህሉ እንዲህ ይታደሳል።

አያቴ ነፍሳቸውን ይማረውና አጥንት መቁጠር ይወዱ ነበር። እገሌ የእገሌ ልጅ እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ። ሰው ሊጋባ ሲል እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። እዚያው ቁጭ ብለው ሲቆጥሩ የገዛ አጥንታቸው ከአሥር ዓመት በፊት የነበረው አጥንት አለመሆኑን ብነግራቸው ምን ይሉኝ ነበር?

ሲወለድ ሕፃን 270 እና ከዚያ በላይ ቁርጥራጭ አጥንት ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙው ገና ልም አጥንት ነው፤ እንደ ጆሮ ለስላሳና ተጣጣፊ። ሲያድግ እየገጠሙ 206 ይሆናሉ። ከእነዚህ 106ቱ እጅና እግር መዳፍ ላይ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። የራስ ቅሉ ደግሞ ገና አልገጠመም። እናቶች ቅቤ የሚያደርጉበት፣ ሲነኩት ትር ትር የሚለው እርግብግቢት ክፍተቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይገጥማል። ቁመት የሚጨምረው በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ባለ የልም አጥንት ንጣፍ ነው። ንጣፉ በጉርምስና ማብቂያ ወደ አጥንት ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ የቁመት ነገር ተዘጋ። ገበያ ላይ «ቁመት ይጨምራል» እየተባለ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ለአዋቂ ገንዘብ ማባከኛ ነው።

ርዝመቱ ይቁም እንጂ አጥንቱ እስከ ሠላሳ ዓመት ግድም እየጠነከረ ይሄዳል። ሴት ልጅ በ18 ዓመቷ ከጠቅላላ የአጥንት ሀብቷ እስከ 90 በመቶ ያህሉን አከማችታ ጨርሳለች። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ጥግ የሚይዙ ሴት ተማሪዎቼን ሳይ ይሄ ቁጥር ያናድደኛል። ኳሱን ለወንዶች ለቀው፣ ቁርስ ሳይበሉ መጥተው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚሰበረው አንጓ ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ነው ያለው።

ጀሶው ታሰረላትና ቤት ገባን። ስድስት ሳምንት። ማታ ማታ እጇን ትራስ ላይ አሳርፋ ታስወራኛለች። «አሁን ውስጡ ምን እያደረገ ነው?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። መጀመሪያ ደም ይረጋል። ከዚያ ስብራቱን እንደ ልም አጥንት ያለ ለስላሳ ነገር ይሞላዋል። ከዚያ ማዕድን ይገባበትና ይጠነክራል፤ ከዚያ ግብረ ኃይሉ መጥቶ ትርፉን ይሞርደዋል። ቆዳ ሲቆረጥ ጠባሳ ይተዋል። አጥንት በደንብ ከገጠመ በራሱ በአጥንት ነው የሚሞላው። ይሄ ደስ አላት።

አንድ ማታ የድንቅነሽን ነገር አነሳሁላት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች። አጥንቶቿን የመረመሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» አሉ፤ እጇን ዘርግታ። ሌሎች ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም። እናቴ ግን ሳትጠራጠር ተቀበለች። «አይ ድንቅነሽ! እሷም እጇን ዘርግታ?» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ሐኪሙ ወተት ጠጪ ብሏት ነበር። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባች። የነፍስ አባቷ «የታመመ አይገደድም» ቢሏትም እንዲህ ያለ ወሬ መስማት አልፈለገችም። እኔም አልተከራከርኳት። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚጾም ሰው ወተት ብቻ ተስፋ አድርጎ አይኖርም። ጤፍ በካልሲየም ከስንዴም ከበቆሎም ከሩዝም ይበልጣል። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ካልሲየሙን አንቆ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ አያቶቻችን ስሙን ሳያውቁ ነው ያደረጉት። ጎመን አለ፤ ካልሲየሙ ለሰውነት የሚገኝ ነው። ከመተማ የሚመጣው ሰሊጥ ሳይፈተግ ተቆልቶ ሲፈጭ ጥሩ ነው። ሽሮና ምስር ለክሩ ፕሮቲን ይሰጣሉ። ለአሥራ አምስቱም የጾም ቀን ጎመን አበላኋት። በመጨረሻ «እኔ በግ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

ፀሐዩ ሌላ ጉዳይ ነው። ያለ ቫይታሚን ዲ አንጀት ከበሉት ካልሲየም ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስደው። ቫይታሚኑን ደግሞ ቆዳ በፀሐይ ይሠራዋል። ጎንደር ፀሐይ አጥታ አታውቅም፤ ክረምቱን ካልቆጠርነው። ፀሐይ የሚያጣው ሰው ነው። ሕፃኑ ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል ተብሎ ክርስትና እስኪነሳ ጓዳ ይከርማል። እግሩ ሲጎብጥ ግራ ይገባናል። እናቴም ከራስ እስከ እግር ተከናንባ ነው የምትወጣው፤ ካልሆነም ቤት ናት።

ቤት ናት ስል ወደ ዋናው ጥፋት መጣሁ።

መጀመሪያ አጥንቷን የጨረስነው አምስታችን ልጆቿ መስለን ነበር የታየኝ። ከሰውነት ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው፤ አንድ ኪሎ ግድም። ልብና ጡንቻ እንዲሠሩ ደም ውስጥ ትንሽ ካልሲየም ሁልጊዜ መኖር አለበት። ሲጎድል አንገት ላይ፣ እንቅርት ከሚያወጣው ዕጢ ጀርባ ያሉ የምስር ፍሬ የሚያክሉ አራት ዕጢዎች ትእዛዝ ያስተላልፋሉ፤ ከአጥንት ይወጣል። የምታጠባ እናት ከአጥንቷ ታወጣለች። እንግዲህ «ጠጥተን ጨረስናት» ብዬ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር። የሚያስለቅስ ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ሐኪሙ ግን አፈረሰብኝ። ጡት ሲጣል አጥንቱ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይሞላል አለኝ። የከፋው የወር አበባ ከቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ ግብረ ኃይሉን የሚያስታግሰው ይጠፋል።

«ሥራቸው ምንድን ነው?» ሲለኝ ግን ኩራት ተሰማኝ። «ምንም አታደርግም። አሳርፈናታል» አልኩት።

ፊቱን ሳይ ነው የገባኝ።

እናቴ እኛን ስታሳድግ ከቦኖ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት ትወጣ ነበር። በርበሬ በሙቀጫ ትወቅጣለች። እንጨት ትፈልጣለች። አባታችን ካረፈ በኋላ ገቢያችን ሲሻሻል ሮቶ አስቀመጥን፣ ሠራተኛ ቀጠርን፣ በርበሬውን ወፍጮ ቤት ላክን። «እማዬ፣ እረፊ» አልናት። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲደውል የመጀመሪያ ጥያቄው «አስቀምጣችኋታል?» ነበር። ከወንበር ስትነሳ ሁለት ሰው ይነሳል። ስምንት ዓመት እንዲህ ተቀመጠች። እኛም የተመሰገንን ልጆች ሆንን።

ዩሊየስ ቮልፍ የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም አጥንት እንደሚሸከመው ሸክም ቅርጹን እንደሚለውጥ እ.ኤ.አ. በ1892 ጽፏል። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲከርሙ ከዳሌ አካባቢ በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ አጥንት ያጣሉ። ሸክም ከሌለ የተቀበሩት መዛኞች «አያስፈልግም» ይላሉ፤ ግብረ ኃይሉ ይሠራል፣ ግንበኛው ይቀራል። ይሄን ሁሉ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ማታ ቤት ገብቼ እናቴን «ተቀመጪ» እላታለሁ።

ጀሶው ነሐሴ 20 ተፈታ። ክንዷ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተላልጦ፣ ጣቷ አልጨብጥ ብሎ ነበር። ለስላሳ ኳስ ጨብጪ ተባለች። ኳሱን ሁለት ቀን ጨበጠችና ለልጆቹ ሰጠችው። ሊጥ ማቡካት ጀመረች። ሠራተኛዋ «እኔ ምን ልሥራ?» ብላ ከሰሰችኝ። አሁን በየጠዋቱ ነጠላዋን ክንዷ ላይ ጥላ እስከ ሥላሴ ድረስ ትወጣና ትመለሳለች፤ ዝናብ ካለ አትወጣም፣ በዱላ ነው የምትሄደው። ወንድሜ ሲሰማ ደንግጦ ደወለ። «እብድ ናችሁ? ብቻዋን?» አለኝ። ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። «ጀሪካን አልተሸከምኩም፣ አትጩህ» ብላ ዘጋችበት።

ለመስቀል ዋዜማ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። የወንድሜ ሠርግ ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ነው። መርፌውን በቀኟ ይዛ፣ በተሰበረው እጇ ጨርቁን ጨብጣ ጫፉን ታጥፋለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ስንት አጠፍሽ?»

«ሁለት ጣት» አለች። ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና ቀና ብላ አየችኝ። «ጨርቁ ነው የረዘመው።»